የረባሽ ስም ዝርዝር

ሰኞ ዕለት ጫማዬን በጨርቅ ወልውዬ
የሠርጌን ኮት ለበስኩ፣ «መምህር ነኝ» ብዬ።
ከመኝታ ቤቱ ሳሎን እስክመጣ
አምስት እርምጃ ነው፤ ሰልፍ የለ፣ ግፊያ የለ፣ የረዳት ቁጣ።
ሚልኪያስ አየኝና ሳቁን ሊውጥ ታገለ፤
«አባዬ፣ ሰው ሞቶ ነው?» አለ።

ደወል አልነበረን። ትርሲት ከሌሊት ፈረቃ
ገና መመለሷ ነው። እንዳትነቃ
የብርጭቆውን ጠርዝ በማንኪያ ነካሁት፤
ትምህርት ቤታችንን በሹክሹክታ ከፈትኩት።

አምና
በሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት፣ ኮዬ ፈጬ ሳይነጋ፣
ሁለቱን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ የሰርቪሱ መኪና ሲጠጋ
ለሹፌሩ አስረክብ ነበር፣ እንደ አደራ ዕቃ።
ተኝተው ይሄዳሉ፣
ሲመሽ ተኝተው ይመጣሉ።
ከልጆቼ ፊት አጥንቼ የማውቀው ሽፋሽፍታቸውን ብቻ ነበር።
ከዚያ ደብዳቤ መጣ፤ «ውድ ወላጅ» ይላል ሲጀምር፤
ምኑ እንደተወደደ የገባኝ ከታች ባለው ቁጥር።

ረፍት ላይ ወደ ታች ወረድን። የብሎካችን ጥበቃ ጋሽ ረጋሳ
ልጆቹን አይተው፣ እኔን አይተው፣ ኮቴን አይተው፣ «ምን ተነሣ?
ተባረሩ እንዴ?»
«የለም፣ ከፍተናል» አልኳቸው፣ ሱቅ እንደከፈተ ሰው።
«ምን?»
መልሱ ጠፋኝ።

በመስኮታችን ፊት፣ ከአጥሩ ማዶ፣ ገበሬ ያርሳል፤
ከተማው ገና አልደረሰበትም፣ ቆሞ ግን ይቋምጣል።
ሚልኪያስ ፊደሉን ትቶ ያያል በሬ።
«‹ሀ› ቀንድ ነው» አለኝ፤ «ሲገለበጥ ‹በ› ይሆናል፤ በር።»
ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ አላየሁትም ነበር እስከ ዛሬ።

ማክሰኞ፣ ሂሳብ መሀል፣ ቧንቧው አጓራ፤
በእኛ ሰፈር ውሃ ሲመጣ ሁሉም ይነሣል ከሥራ።
ሰባት ጀሪካን፣ እያንዳንዱ ሃያ ሊትር።
ውዳሴ ያባዛችው በእርሳስ አይደለም፣ በክንዷ ነው፤
«መቶ አርባ» አለችኝ እያለከለከች፣ «የፈሰሰውን ሳንቆጥር።»

ረቡዕ ማካፈል ላይ ደረስን።
ዐሥራ ሰባት ለአምስት። አንዴ አስረዳሁ፣ ደገምኩ፣ ሠለስኩ።
«ሁለቱ ቀሪ ነው።»
«ቀሪውስ የት ይሄዳል?»
«ይቀራላ!»
«የት ይቀራል?»
ጮህኩ።

ማስመሪያው እጄ ላይ ነበር፣ ወደ ላይ የተነሣ።
እኔ አላነሣሁትም፤ መምህር ጓንጉል ናቸው፣
የአራተኛ ክፍል መምህሬ፣ ባለ ጎማው።
ድሮ ሞጆ ትቻቸው የመጣሁ ይመስለኝ ነበር፤
ለካ አብረውኝ ከርመዋል፣ ክንዴ ውስጥ ተሸሽገው።

የመኝታ ቤቱ አልጋ ሲጢጥ አለ።
ማንም አልተናገረ።
ውዳሴ ከደብተሯ አንድ ገጽ ገነጠለች፣
ጻፈች፣ ፍሪጁ ላይ ለጠፈች፦

የረባሽ ስም ዝርዝር
1ኛ. አባዬ (ጮኸ)

ሄጄ ጥግ ቆምኩ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው።
ሚልኪያስ ከኋላዬ ደንቡን አስታወሰኝ፦
«አንድ እግር ይነሣል።»
አነሣሁ።

ማታ ትርሲት ነጭ ጋውኗን በፌስታል ይዛ ልትወጣ ስትል
ፍሪጁ ፊት ቆመች። አነበበች።
አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም።
ከቦርሳዋ እስክሪብቶ አውጥታ ከስሜ ሥር ጨመረች፦

2ኛ. ትርሲት (ቀሪ)

ሐሙስ ስም ጠራሁ።
«ውዳሴ!» «አቤት።»
«ሚልኪያስ!» «አቤት።»
ከሶፋው ላይ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ዐይኗን ጨፍና፣
ያልጠራኋት ሦስተኛዋ
«አለሁ» አለች።

ኮቴን አውልቄ ደረብኩላት።
ውዳሴ ዐሥራ ሰባትን እንደገና ለአምስት አካፈለች፣
በትንንሽ ጽሕፈት፣ ድምፅ ሳታሰማ፤
ቀሪዋን ሁለት ግን
በቀይ ከበበቻት።